ከ«በ» እስከ «እሳቸው»፦ በእንግሊዝኛ ጽሑፋችን ውስጥ ያለው አማርኛ



በየዓመቱ ከምሰማቸው ጥያቄዎች ቀዳሚው «መቼ ኢን፣ መቼ ኦን፣ መቼ አት እንበል?» የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «በቃል ያዙት» ነው፤ እኔ አልስማማበትም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማር ሰው የሚያውቀውን ጉዳይ እንኳ በእነዚህ ጥቃቅን ቃላት ምክንያት እንደማያውቅ ሊቈጠርበት ይችላል። ስሕተቱ ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚመጣ አይደለም፤ ከበስተጀርባው የአማርኛ ሰዋስው አለ።

በሐምሌ፣ በ2 ሰዓት፣ በቤት፣ በቢላ፣ በአውቶቡስ ስንል አንዲት «በ» ይህን ሁሉ ትሸከማለች። ቦታውን መለየት ስንሻ ከስሙ በኋላ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «አጠገብ» እንጨምራለን። እንግሊዝኛ ግን ልዩነቱን ከስሙ በፊት በሚመጣው መስተዋድድ ላይ ይጭነዋል፦ በአመዛኙ ኢን ለሚያቅፍ፣ ኦን ለገጽ፣ አት ለነጥብ። ጊዜንም እንዲሁ ይመድባል። ወር ያቅፋልና ኢን ጁላይ፤ ዕለት እንደ ገጽ ነውና ኦን መንደይ፤ ሰዓት ነጥብ ነውና አት ኤይት። (የእኛ 2 ሰዓት የእነርሱ ኤይት መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው።) ግሶችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው ልማዳችን «ዲስከስ አባውት» ያስጽፈናል፤ ዲስከስ ግን አባውትን አይሻም። «ከእርሷ ጋር ተጋባ» ደግሞ «ሜሪድ ዊዝ»ን ይወልዳል፤ ትክክሉ ሜሪድ ቱ ነው።

ስለ ብዙ ቁጥር በአጭሩ ልናገር። አማርኛ «አምስት መጽሐፍ» ማለትን ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሯልና። እንግሊዝኛ አይፈቅድም። እኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች» የምንላቸውን ኢንፎርሜሽንንና አድቫይስን ግን እንደ ውኃ የማይቈጠሩ ያደርጋቸዋል። «ችልድረንስ» ብሎ በጻፈ ተማሪ አልስቅም፤ እኛም «መጻሕፍቶች» እንላለን። ችልድረን ራሱ ቀድሞ በነበረ የብዙ ቁጥር ቅርጽ ላይ ሌላ የብዙ ቁጥር ምዕላድ ተደርቦበት የተገኘ ቃል ነው።

በተውላጠ ስም ረገድ ነገሩ ይሉኝታም ይጨመርበታል። «አባቴ መጡ» ስንል የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ግስ አንድ ነው። ስለዚህ አባቱን «ሂ» ማለት የከበደው ተማሪ «ዘይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መምህሩን «ዩ» ማለትም «አንተ» እንደ ማለት ይመስለዋል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዩ ጥንት የብዙዎች መጠሪያ ነበር፤ የነጠላው ዛው ነበረ። በመካከለኛው ዘመን ዩ እንደ እኛ «አንቱ» ለተከበረ ሰው ይባል ጀመር፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ዛው ከዕለት ተዕለት ንግግር አብዛኛውን ስፍራውን ለቀቀ። የጠፋው እንግዲህ «አንተ» ነው፤ የቀረው «አንቱ» ነው። ሂ እና ሺ ግን የአክብሮት ቅርጽ የላቸውም፤ አክብሮቱን የሚሸከመው ማዕረጉ ነው። ዘይ ለአንድ ሰው የሚነገርበት ጊዜ አለ፤ «ሳምዋን ሌፍት ዘየር ባግ» እንዲሉ። ይህ ግን በአብዛኛው ማንነቱ ወይም ጾታው ላልታወቀ ሰው ነው፤ ባለቦርሳው አዛውንት ይሁን ሕፃን ቃሉ አይነግረንም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።