ከፍሎ ማደር ወይስ በነጻ ማደር? የኒውዚላንድ የሞተርሆም ውዝግብ

ሞተርሆም ማለት አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ተገጥሞለት እንደ ቤት የሚያገለግል መኪና ነው። በአገራችን እምብዛም አልተለመደም። በኒውዚላንድ ግን አገሬውም ቱሪስቱም በዚህ መኪና እየዞረ በየባሕሩና በየሐይቁ ዳር ያድራል። ወደ ካምፕ ቦታ ሳይገቡ እንዲህ ማደሩን «ፍሪደም ካምፒንግ» ይሉታል። ታዲያ መኪና አቁሞ መተኛት ማንን ይጎዳል?

በጉዳዩ ሦስት ወገኖች አሉ። የካምፕ ቦታ ባለቤቶች «እኛ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ደንብ መሠረት ውኃውን፣ ሻወሩን፣ ሽንት ቤቱን አሟልተን ነው የምንሠራው። ከአጥራችን ውጪ በነጻ ከታደረ ማን እኛ ጋ ይመጣል?» ይላሉ። ባለሞተርሆሞቹ ደግሞ «ሁሉንም ይዘን እየዞርን የማንጠቀምበትን ለምን እንከፍላለን? ገንዘባችንን እኮ በከተማው ሱቅና ምግብ ቤት እናወጣለን» ባዮች ናቸው። ነዋሪው በበኩሉ ጠዋት ሲነሣ ቆሻሻ ይጠብቀዋል፤ የሚጸዳውም እሱ በሚከፍለው ግብር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2011 አገሪቱ የራግቢ የዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ የፍሪደም ካምፒንግ አዋጅ ወጣ። የአዋጁ መነሻ «ካልተከለከለ ተፈቅዷል» የሚል ነው። የአካባቢ ምክር ቤት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ ማደርን በደንብ ሊከለክል የሚችለው በሦስት ምክንያቶች ነው፦ ቦታውን ለመጠበቅ፣ የሰዎችን ጤናና ደኅንነት ለመጠበቅ፣ ወደ ቦታው መግባት እንዳይስተጓጎል። ልብ በሉ! የካምፕ ነጋዴውን ገቢ ማስጠበቅ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ይህ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በቱሪስት መናኸሪያነቷ የምትታወቀው የክዊንስታውን አካባቢ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣውን ደንብ የሞተርሆም ባለቤቶች ማኅበር ፍርድ ቤት አቀረበው። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024 ምክር ቤቱ አዋጁ የማይፈቅዳቸውን ጉዳዮች ከግምት አስገብቷል በማለት ደንቡን ሻረው።

የነዋሪው ቅሬታ ግን መልስ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ማሻሻያ መሠረት በምክር ቤት መሬት ላይ በመኪና የሚያድር ሰው፣ ቦታው ተለይቶ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ መኪናው ቋሚ መጸዳጃና የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የሽግግር ጊዜም ተሰጥቶታል።

እንግዲህ ውዝግቡ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። የቆሻሻው ጥያቄ በመጸዳጃና በቁጥጥር ይፈታል። የገቢው ጥያቄ ግን በክልከላ የሚፈታ አይመስልም። ለምሳሌ መቆሚያና ማፍሰሻ ብቻ ለሚፈልግ እንግዳ የካምፑ ባለቤት አነስ ያለ ዋጋ ቢያወጣ ከአጥሩ ውጪ የሚያድረውን ሊስብ ይችላል። ይህን ማሰብ የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ካምፑ ከስሮ ቢዘጋ ሞተርሆም ያለው ሌላ ቦታ ያድራል፤ ድንኳን ይዞ የሚመጣው ቤተሰብ ግን ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ የቱሪዝም ባለሙያ ደንብ ከማርቀቁ በፊት «ልከላከል የምፈልገው ቆሻሻውን ነው ወይስ ውድድሩን?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።