ከጎሉ በኋላስ ምን ሠራ?

ቅዳሜ ጠዋት በሰበታ መንደሮች ውስጥ የሚያልፉ ከሆነ ይህን ትዕይንት ሳያዩት አይቀሩም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ማልያው ደግሞ ጀርባው ላይ የአንድ ታዋቂ አጥቂ ስም የታተመበት። ቡራዩም ሱሉልታም ቢሄዱ ልጆቹ ያው ናቸው። በረኛ መሆን የሚፈልግ አንድ፣ ተከላካይ መሆን የሚፈልግ ማንም፣ ጎል ማግባት የሚፈልጉት ግን ሁሉም።

የእኔ ልጅም ከእነዚህ አንዱ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት በወር እየከፈልን ሰፈር ውስጥ ልምምድ አስጀመርነው። አሰልጣኙ ግን ልጄን ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ተከላካይ አድርጎ አሰለፈው። ልጁ እያለቀሰ ቤት ሲመጣ እኔም ተናደድኩ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ መጀመሪያ የታየኝ ገንዘቡ ነው። «ከፋይ ነኝ፤ የከፈልኩበትን አላገኘሁም» አልኩና ላስወጣው ወሰንኩ።

እሑድ አባቴ ቤት ቡና ላይ ነገሩን ሳወራ አባቴ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«መንግሥቱ ወርቁን ታውቀዋለህ?»

«በ54ቱ ዋንጫ ጎል ያገባው ነዋ!»

«ከጎሉ በኋላስ ምን ሠራ?»

መልስ አልነበረኝም። እርስዎስ አለዎት?

117ኛው ደቂቃ

ከምናውቀው እንጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ተጋጣሚዋ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። በ1949 ዓ.ም. በመጀመሪያው ውድድር ፍጻሜ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 የረታችውም እርሷው ነበረች።

ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በመጀመሪያ ተክሌ ኪዳኔ፣ ከዚያ 84ኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቡድኑን መሪ አደረገ። በ117ኛው ደቂቃ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክሎ ጉዳዩን ዘጋው፤ 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

መንግሥቱ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይም ሁለት ጎል አግብቶ ነበርና በሦስት ጎሎች ከግብፁ በደዊ ጋር የውድድሩን ከፍተኛ ግብ አግቢነት ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፎው በድምሩ 10 ጎሎች አሉት። እስከ ዛሬ ይህን ያህል ያስቆጠረ ሌላ ኢትዮጵያዊ የለም።

በዚያ ቀን ከሜዳው ውጪ ቆሞ ቡድኑን ይመራ የነበረው ደግሞ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። እርሱም ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኗል። መንግሥቱ ኳስ ከተጫወተ በኋላም ረጅም ሕይወት እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም ማለት ነው።

ልክ ከሃያ ዓመት በኋላ

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ። በ1974 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በሊቢያ ሲካሄድ ኢትዮጵያ ከስምንቱ ተሳታፊዎች አንዷ ነበረች። አሰልጣኙ መንግሥቱ ወርቁ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ብቻ ካዩት ያሳዝናል። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየ። አሥር ጎል ያገባው ሰው የመራው ቡድን አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ።

ግን ያችን 0 ለ 0 ትንሽ ጠጋ ብለው ይዩዋት። ያ የአልጄሪያ ትውልድ ከሦስት ወር በኋላ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፎ ዓለምን አስደንግጧል። በእኛ ላይ ግን ጎል ማግባት አልቻለም። ተከላካዮቻችን ያን ቀን የሠሩትን ሥራ ዛሬ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ሌላም አለ። ከዚያ ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት እስክትመለስ ድረስ በመጨረሻ እዚያ ያደረሳት መንግሥቱ ነበር። እርሱ ግን ያን ቀን አላየም፤ በ2003 ዓ.ም. አርፏል።

ለእኔ የሕይወቱ ከባዱ ክፍል ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። ጎል አግቢ ዋጋውን እዚያው በጭብጨባ ይቀበላል። የአሰልጣኝ ዋጋ ግን አንዳንዴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የሚታወቀው።

የሰበታ ወንበር

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እኛው ከተማ ውስጥም አለ። ሰበታ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ ሲጫወት አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ሊጉ በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ውበቱ ከሰበታ ወደ ብሔራዊ ቡድን ሄደ። እርሱ የለቀቀውን የሰበታ ወንበር የተረከበው ማን ይመስልዎታል? ከብሔራዊ ቡድኑ የተሰናበተው አብርሃም መብራቱ! ሁለቱ ሰዎች ወንበር የተለዋወጡ ያህል ነው።

አብርሃም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የመንን ለእስያ ዋንጫ ያበቃ አሰልጣኝ ነው። አገሪቱ ጦርነት ላይ ስለነበረች ቡድኑ «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ የሚያደርገው ዶሃ ላይ ነበር። ከስድስት የምድብ ጨዋታ አንዱንም ሳይሸነፍ አለፈ፤ ሁለት ድል፣ አራት አቻ። ውበቱም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። ሰበታ ከተማ ግን በ2014 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። የአሰልጣኝ ሕይወት እንዲህ ነው፤ ዛሬ አገር፣ ነገ ከተማ።

ልጅዎን ሜዳ ከመላክዎ በፊት

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ እኔ ራሴ የለወጥኳቸውን ሦስት ነገሮች ላካፍልዎት።

አንደኛ፣ «ስንት አገባህ?» ማለት ትቻለሁ። አሁን የምጠይቀው «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ አሰልጣኙን ከመውቀሴ በፊት ምክንያቱን እጠይቀዋለሁ። ሲያስረዳኝ የልጄን ስም ጠርቶ፣ ድክመቱንና ጥንካሬውን ለይቶ ከነገረኝ ልጁን አይቶታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የተጫዋችነት ዕድሜ አጭር መሆኑን ለልጄ ከአሁኑ እነግረዋለሁ። በ35 ዓመቱ ጫማውን የሰቀለ ሰው ገና ግማሽ ሕይወት ይቀረዋል። ለዚያ ጊዜ የሚሆነው ትምህርት ከልምምዱ ጎን ለጎን መሄድ አለበት።

በነገራችን ላይ ልጄን አላስወጣሁትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ አሰልጣኙን ጠየቅሁት። «ኳስ ሲይዝ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሮጠው፤ ጓደኞቹን አያይም። ከኋላ ሲሆን ሜዳው በሙሉ ፊቱ ስለሆነ ማየት ይለምዳል ብዬ ነው» አለኝ።

ልጄ አሁንም ተከላካይነቱን አልወደደውም፤ ማልያውም ያው የአጥቂ ማልያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከኋላ ተነስቶ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ነፃ ለነበረው ጓደኛው ረጅም ኳስ አሻገረለት። ጓደኛው አገባ። ወላጆች ሁሉ ለአግቢው አጨበጨቡ።

እኔ ዞር ብዬ ያየሁት አሰልጣኙን ነው። ጎሉን አላየም፤ የልጄን ፊት እያየ ነበር።