ከልብ ቀዶ ሕክምና የተመለሰችው ልጅ ለምን ትከፋለች?

ልጃችሁ አዲስ አበባ፥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፥ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ቡሬ ገብታለች እንበል። ዘመድ ጎረቤቱ ማሩንና ዳቦውን ይዞ ቤቱን ሞልቶታል፤ ቡናው ይፈላል። እርስዋ ግን ፊትዋን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሌሊት ታለቅሳለች።

ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት መከፋት፥ እንቅልፍ ማጣትና በጥቂቱ መቆጣት በብዙ በሽተኞች ላይ ይታያል። የደረት አጥንት ተከፍቶ ተገጥሟል፤ ልጅቱም ከሞት ጋር ተያይታ ተመልሳለች።

በአገራችን ለዚህ ሕክምና ከሚደርሱት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የሩማቲክ ትኩሳት የልብን ቫልቮች፥ ማለትም የደሙን በሮች፥ ያበላሻልና። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ተቋቁሞ ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ፥ ዕድል የቀናቸው ሕፃናት የሚታከሙት ውጭ አገር ተልከው ነበር። ዛሬም ወረፋው ረጅም ነው። ለጉዞና ለማረፊያ ዘመድ ያዋጣል፤ ላም ይሸጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ይህን ያህል ተደክሞልሽ ምን ጎደለሽ?» የምትለዋን ቃል እባካችሁ ከቤት አውጧት። ልጅቱ የተሸጠችውን ላም ከእናንተ አብልጣ ታስባታለች፤ ዝም የምትለውም ስለዚሁ ነው። «ዛሬስ እንዴት አደርሽ? ምን ያስፈራሻል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ይበልጣል።

ብረት ለበስ ቫልቭ የተተከለላት ከሆነ፥ ሌሊቱ ጸጥ ሲል ከደረትዋ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማለች። ማንም አስቀድሞ ካልነገራት ትደነግጣለች። ቫልቩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ንገሯት፤ እናትም ጆሮዋን አስጠግታ ብትሰማ አብረው ይለምዱታል።

እንደ እንቁላል ታቅፎ ማስቀመጥም ያስከፋል። እንስራና የቡና ጆንያ ማንሳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ፥ ብዙ ጊዜ እስከ ሦስት ወር፥ ክልክል ነው። ቁጭ ብሎ ቡና መልቀም፥ ታናናሾችን ማስጠናት፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መራመድ ግን ይቻላል። ጠያቂውንም በተራ አስገቡት፤ በተለይ በፊትዋ የሚያለቅሰውን።

ብረት ለበስ ቫልቭ ተተክሎላት የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቱና የደም ምርመራው ዕድሜ ልክ ነው። ጎመን አትከልክሏት፤ ግን አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላውን ማጥፋት የመድኃኒቱን ኃይል ያዛባልና መጠኑ አይለዋወጥ።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፥ ምግብና መድኃኒት እምቢ ካለች፥ ወይም «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለች ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ውሰዷት። ትንፋሽ ማጠር፥ ትኩሳት፥ የእግር ማበጥ፥ የማያቆም መድማት፥ ያንድ ወገን መዛል ሲታይም «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ቀጠሮዋ ሲደርስ ጥያቄዋን ራስዋ በወረቀት ጽፋ ትያዝ። ትዳርና ልጅ መውለድ ከጥያቄዎቹ አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከእርግዝና በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ግዴታ ነው። ይህን በአባትዋ ፊት አትጠይቅምና፥ አባት ሆይ፥ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቢቆዩላት መልካም ነው።