ስም በማይገለጥበት የኢንተርኔት መልእክት የአስተላላፊው ኃላፊነት

በዛሬው ንግግራችን፥ ሌላ ሰው የላከውን መልእክት በኮምፒዩተሩ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰው፥ በመልእክቱ ውስጥ ስላለው ጥፋት በሕግ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? የሚለውን ጥያቄ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የመንዝ ሰው ከመሐል ሜዳ የታሸገ ደብዳቤ ላከ እንበል። የመጀመሪያው መልእክተኛ ደብዳቤውን ደብረ ብርሃን ላለው ለሁለተኛው ይሰጣል፤ ሁለተኛውም አዲስ አበባ ላለው ለሦስተኛው ያቀብላል፤ ሦስተኛው ለተቀባዩ ያደርሳል። ሦስተኛው ላኪውን አያውቅም፤ የመጀመሪያውም ደብዳቤው በመጨረሻ ለማን እንደሚደርስ አያውቅም። ቶር የተባለው የኢንተርኔት መረብ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። መልእክቱ በምስጢር ቁልፍ ተጠቅልሎ በሦስት በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ያልፋል። በተቀባዩ ዘንድ የሚታየው ግን የመጨረሻው ኮምፒዩተር አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንጀል ሲፈጸም ፖሊስ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የዚያን ኮምፒዩተር ባለቤት በር ነው። በአገራችን የዚህ መረብ መስመር በግንቦት 2004 ዓ.ም. ተዘግቶ እንደ ነበር ይታወሳል።

በ2009 ዓ.ም. በሞስኮ አንድ የሒሳብ መምህር እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር በቤቱ በማኖሩ፥ ሌላ ሰው በጻፈው የሁከት ጥሪ ተከሶ ታሰረ፤ በማግሥቱ ዓመት ክሱ ተነሣለት። የኦስትሪያ የግራትስ ከተማ ፍርድ ቤት ደግሞ በሰኔ 2006 ዓ.ም. አንድ አስተላላፊን ጥፋተኛ ብሎ በገደብ ቀጥቶታል። በዚያ ጉዳይ ተከሳሹ መሣሪያው ለክፉ ሥራ እንደሚያገለግል ለሌሎች መናገሩ በማስረጃ ቀርቦበት ነበር።

ወደ እኛ ሕግ ስንመለስ፥ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ማንም ሰው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ካላጠፋ አይቀጣም ይላል፤ በቸልተኝነትም የሚቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 16 አገልግሎት ሰጪውን በሌላ ሰው ሕገ ወጥ ጽሑፍ ወይም ሥዕል የሚያስጠይቀው በሦስት ሁኔታዎች ነው። ይኸውም በማሠራጨቱ ወይም በማረሙ በቀጥታ ሲካፈል፤ ሕገ ወጥነቱን በእርግጥ አውቆ ዝም ሲል፤ ወይም ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት አስታውቆት ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነው።

ነገር ግን ይኸው አዋጅ አገልግሎት ሰጪ የመልእክት ማስተላለፊያ መዝገብን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲጠብቅ ያዝዛል። የቶር አስተላላፊ ሥራው ደግሞ እንዲህ ያለ መዝገብ አለመያዝ ነው። አዋጁ «አገልግሎት ሰጪ» የሚለው በኮምፒዩተር የመገናኛ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ስለ ሆነ፥ ግለሰቡም በዚህ ትርጉም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በመልእክቱ ይዘት ንጹሕ የሆነው ሰው፥ መዝገብ ባለመያዙ ሊጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ዓይነት መሣሪያ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከመትከል ይቆጠብ፤ በቤቱም ለማኖር ቢያስብ አስቀድሞ የሕግ ዐዋቂ ያማክር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና።