የጀርመናዊው ቅድመ አያት መንደር የት ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ5 ሚሊዮን በላይ ጀርመኖች ወደ አሜሪካ ተሰደዋል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩ ተወላጆቻቸው ግን ብዙውን ጊዜ ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰውየው ኒው ዮርክ ከወረደ ወዲህ ያለው ኑሮው በወረቀት የሞላ ነው፤ ከመሳፈሩ በፊት ያለው «ከጀርመን መጣ» ከማለት አያልፍም። ይህ ደግሞ ለፈላጊ አይበቃም። ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ነው። ከዚያ በፊት ፕሩሲያ፣ ባቫሪያ፣ ሄሰንና ሌሎች ብዙ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግና መዝገብ ነበራቸው። የሁሉንም ልደት በአንድ ላይ የሚይዝ መዝገብ ቤት ስለሌለ፣ ፍለጋው መቋጫ የሚያገኘው የመንደሩ ስም ሲታወቅ ነው።

የዶናልድ ትራምፕ አያት የፍሪድሪክ ትራምፕ ታሪክ ይህን ፍለጋ ከነእንቅፋቱ ያሳያል። ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት «የመጣነው ከስዊድን ነው» ይል ነበር፤ የልጅ ልጁም በ1987 በወጣው መጽሐፉ ይህንኑ ደግሞታል። መዝገብ የሚለው ሌላ ነው፦ ፍሪድሪክ በ1869 ካልሽታት በምትባል የወይን አምራቾች መንደር ተወልዶ፣ በ1885 ገና በ16 ዓመቱ ከብሬመን ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ገባ። በቤት ውስጥ ሲነገር የኖረ ታሪክ መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ሥራው የሚጀመረው አሜሪካ ባሉት ወረቀቶች ነው። የሕዝብ ቆጠራው ከ1850 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው የትውልድ አገር ይመዘግባል፤ ሲበዛ ግን የግዛቱን ስም ቢጠቅስ ነው። እሱም ያሳስታል። ካልሽታት ያለችበት የፋልትስ ምድር ከ1816 ጀምሮ በባቫሪያ ዘውድ ሥር ቢሆንም የሚገኘው ከራይን ወንዝ ወዲያ በምዕራብ ነው፤ «ባቫሪያ» የሚለውን አንብቦ በሙኒክ ዙሪያ የሚፈልግ ሰው ይደክማል። ከ1906 በፊት የተሰጡ የዜግነት ወረቀቶችም አብዛኞቹ ከአገር ስም አያልፉም። የመንደሩ ስም የሚገኘው ይበልጡን በጀርመንኛ ይቀድሱና ይሰብኩ በነበሩ የካቶሊክና የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት የጋብቻና የቀብር መዝገብ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ ወይም በጀርመንኛ ጋዜጦች የሞት ማስታወቂያ ነው። ቄሱ የምእመኑን ቋንቋ ስለሚያውቅ መንደሩን ጠይቆ ይጽፋል፤ የመንግሥት ጸሐፊ «ጀርመን» ብሎ ያልፋል።

ቅድመ አያቱ ዝም ካሉ ጎረቤቶቻቸውን መጠየቅ ነው። ስደተኛ ዘመድና የአገሩ ሰው ወዳለበት ይሄዳል፤ ፍሪድሪክም ያረፈው ቀድማ ኒው ዮርክ ከገባችው እህቱ ዘንድ ነው። የኬቻፑ ባለጸጋ የሄንሪ ሃይንዝ አባትም ከዚያችው ከካልሽታት የተነሡ ናቸው። የጎረቤት ወይም የክርስትና አባት መንደር ሲገኝ የራስም መንደር ብዙ ጊዜ እዚያው ወይም በቅርቡ ነው።

የስም አጻጻፍም ያስቸግራል። ሙለር ሚለር፣ ሽሚት ስሚዝ ሆኗል። «ኤሊስ አይላንድ ላይ ሹሙ ስማችንን ለወጠው» የሚለው ታሪክ ግን አያስኬድም። በዚህ የኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ የነበሩት ሠራተኞች የሚያመሳክሩት መርከቡ ይዞት የመጣውን ዝርዝር ነበር፤ ደግሞም ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ሲሆን፣ የጀርመኖች ፍልሰት ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ከ10 ዓመት በፊት በ1882 ነው። እነዚያ የገቡት ካስል ጋርደን በተባለው የቀድሞው መቀበያ በኩል ነው። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የለወጡት ባለቤቶቹ ራሳቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና መምህሮቻቸው ናቸው።

በየትኛው ወደብ መሳፈርም ዕድልን ይወስናል። የሐምቡርግ ቤተ መዛግብት ከ1850 እስከ 1934 የተጻፉ የተሳፋሪዎች ዝርዝሮችን ይዟል፤ ብዙዎቹ ተሳፋሪው ከየት እንደመጣ ጭምር ይናገራሉ። የብሬመን ዝርዝሮች ግን ቦታ ጠበበ ተብሎ በየጊዜው ተወግደዋል፤ ከተረፉትም አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍተዋል።

የመንደሩ ስም ከተገኘ በኋላ በ1912 በወጣው የማየር የቦታዎች መዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ኖይሽታት የሚባል ቦታ ብዙ ነውና። ከ1876 ወዲህ ያለው ልደት በመላው አገር በመንግሥት ሹም ተመዝግቧል፤ ከዚያ በፊት ያለው በአብዛኛው በደብሩ የጥምቀት መዝገብ ነው። ካቶሊኮቹ ማትሪኩላ፣ ፕሮቴስታንቶቹ አርኪዮን በተባለ ድረ ገጽ አማካይነት ብዙ መዛግብትን ለእይታ አቅርበዋል። ጽሑፉ ኩረንት በሚባለው አሮጌ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ መጀመሪያ ፊደሉን መማር ግድ ነው።

በመጨረሻ የመውጫ ፈቃድ ፋይል አለ። ፈቃድ ጠይቆ የወጣ ሰው ዕድሜው፣ ቤተሰቡና ንብረቱ በዝርዝር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ተደብቆ የወጣ ግን ይህ ፋይል የለውም። ፍሪድሪክ የወጣው የውትድርና ግዴታውን ሳይፈጽም ነበር። ሀብት አፍርቶ ሊኖር ቢመለስ ባለሥልጣናቱ በ1905 እንዲወጣ አዘዙት፤ እንዲተዉት ለባቫሪያው ልዑል ሉይትፖልድ ያቀረበው ልመናም ለዛሬ ተርፏል። ስለዚህ ወጣት ኮብላይን የሚፈልግ ሰው ዘንድ የውትድርና ምልመላና የቅጣት ፋይሎችም መታየት አለባቸው። ሕግ የጣሰ ሰው ሕግ አክባሪ ከሆነው ጎረቤቱ ይልቅ ብዙ ወረቀት ትቶ ሊያልፍ ይችላል።