ከሣሩ በታች ያለው ክረምትና በጋ

በሐምሌ አጋማሽ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ጠዋት፣ ተማሪዎቻችንን አስከትለን ከትምህርት ቤታችን በላይ ወዳለው የደጋ መስክ ወጣንና አንድ ክንድ የሚያህል መሬት በዶማ ገለጥን። ከሣሩ ሥር የወጣው የምድር ትል ብዛት ልጆቹን አስጮኻቸው። በጥር ወር ተመልሰን በዚያው አጠገብ ያንኑ ያህል ብንቆፍር ግን ደረቅ አፈርና የሥር ክር ብቻ አገኘን። አንድ ብላቴና «ሁሉም ሞቱን?» ሲል ጠየቀ። አልሞቱም፤ ወረዱ እንጂ።

የምድር ትል ሳንባ የለውም። የሚተነፍሰው በርጥብ ቆዳው ስለ ሆነ፣ ቆዳው የደረቀ ዕለት ይታፈናል። ስለዚህም የበጋው ፀሐይ አፈሩን ማድረቅ ሲጀምር ብዙው ዓይነት ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ አንጀቱን ባዶ አድርጎ፣ ከገላው በሚወጣ ልጋግ የተለሰነች ጠባብ ማደሪያ አበጅቶ፣ እንደ ቋጠሮ ተጠቅልሎ ዝናብ እስኪመለስ ያንቀላፋል። በክረምት ደግሞ ውኃው ቀዳዳውን ሞልቶ አየር ሲያሳጣው ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያም ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያለው ወፍ ይጠብቀዋል።

ከእርሱ ጋር ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፣ ሲነኳቸው የሚፈናጠሩ ደቂቃን ፍጥረታት አሉ። እነዚህ መቆፈር አይችሉም፤ በበጋ የሚወርዱት ትሉ በተወው መንገድና የበሰበሰ ሥር በለቀቀው ቀዳዳ ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ራሳቸው አልቀው ዕንቁላላቸው ብቻ ድርቁን ይሻገራል። ፍልፈልም አፈሩ ሲርስለት ቁልሉን ያበዛል። (ገበሬው የሚያየው እርሱን ብቻ ነውና ርግማኑን ሁሉ የሚቀበለው እርሱ ነው።)

የእነዚህ ሁሉ ሥራ የሞተውን ሣር ወደ አፈር መመለስ፣ አፈሩንም መገልበጥ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአገሩ በብዙ ስፍራ በአንድ ኤከር መሬት ላይ በየዓመቱ ከ10 ቶን የሚበልጥ አፈር በትል ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ ገምቷል።

ታዲያ ይህ መውረድና መውጣት መጠለያ ይሻል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በመንዝ ጓሳ፣ በበጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የጓሳ ሣር ጉቶ ግን ከግርጌው የደረቀ ቅጠል ስለሚያከማች እርጥበቱን ይይዛል፤ ውርጩንም ያበርዳል። የአገሩ ሰዎች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ መስኩን በሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ያ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም፣ ኋላ ሕዝቡ በመተዳደሪያ ደንብ አጽንቶታል። ሽማግሎቹ ያሰቡት ለቤት ክዳንና ለከብት ነበር፤ ከሥሩ የሚያንቀላፋው ግን አብሮ ተጠቀመ።

እኛ የቆፈርንበት መስክ ግን በዚህ ዓመት እኩሌታው ለገብስ ታርሷል። ባለመሬቱን አንነቅፍም፤ ልጆቹ ከተማሪዎቻችን መካከል ናቸው፤ የሚበሉትም ያንኑ ገብስ ነው። ነገር ግን ማረሻ በበጋ ሲገባ የትሉን መንገድ ይቆርጣል፤ ማደሪያውንም ለፀሐይ ያጋልጣል። ስለዚህ በእርሻው ዳርና በመካከሉ ሰፋ ያለ የሣር ድንበር ሳይነካ እንዲተውልን ለመንነው፤ የተረፈው ፍጥረት ቀስ በቀስ ወደ እርሻው የሚመለሰው ከዚያ ነውና። የዳሩን ፈቀደልን፤ የመካከሉን «በሬ ማዞሪያ ታሳጡኛላችሁ» ብሎ ከለከለን። ለሐምሌ ልጆቹ ሁለት ዶማ አዘጋጅተዋል፤ አንዱ ለመስኩ፣ አንዱ ለእርሻው።