ጎጆ መውጣት (ሰሜን ጎንደር)

ጎጆ መውጣት ወንድና ሴት ተጋብተው ከወላጆቻቸው ቤት በመለየት የራሳቸውን ቤት የሚያቆሙበት የአማራ ሕዝብ ልማድ ነው። በሰሜን ጎንደር ዞን፣ በዳባት፣ በደባርቅና ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች በሚገኘው የአዲ አርቃይ ወረዳ፣ ማግባትና ቤት መያዝ ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ነገር ሲታዩ ኖረዋል። ቤቱ የሚቆምበት መሬት ከየት ይመጣል፣ ትዳሩ ሲፈርስስ ለማን ይቀራል የሚሉት ጥያቄዎች ግን በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝተዋል።

ቃሉ

ጎጆ ክብ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያው በሣር የተከደነ አነስተኛ ቤት ነው። «ጎጆ ወጣ» ወይም «ጎጆ ቀለሰ» ሲባል ቤት መሥራትንም ማግባትንም ያመለክታል። «ባለቤት» የሚለው ቃል የንብረት ባለመብትም የትዳር ጓደኛም ማለት ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ «ቤታቸው ፈረሰ» ይባላል። «አባወራ» እና «እማወራ» የሚባሉትም የራሳቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ በወላጆቹ ቤት የሚኖር ያላገባ ሰው ዕድሜው ቢገፋም አባወራ አይባልም።

ልማዱ

በገጠር ጋብቻን የሚያስማሙት በአብዛኛው የሁለቱ ወገን ወላጆች ነበሩ። ሽማግሌ ይላካል፣ ለሙሽራዋ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ወላጆችም ለጥንዶቹ መቋቋሚያ የሚሆን ከብት፣ እህል ወይም ገንዘብ ይመድባሉ። ሠርግ በብዛት የሚደገሰው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ሙሽራዋ ወደ ባሏ መንደር ትሄዳለች። አዲሶቹ ተጋቢዎች ለተወሰነ ጊዜ በባል ወላጆች ዘንድ ከቆዩ በኋላ ለራሳቸው ቤት ይሠራሉ። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ እንጨት ይቆርጣል፣ ግድግዳ ይማግራል፣ ጣሪያ ይከድናል፤ ባለቤቶቹም ምግብና ጠላ ያቀርባሉ።

ለማግባት የራስን ቤት መያዝ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ በሌላም አገር ይገኛል። የሕዝብ ጥናት ምሁሩ ጆን ሃጅናል እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ የምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ዘግይተው ያገቡ እንደነበር አሳይተዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ቤት ለማቋቋም የሚበቃ ሀብት እስኪገኝ ድረስ መጠበቃቸው ነው። በአማራ ገጠር ግን መሬቱንና ከብቱን የሚያቀርቡት ወላጆች ስለነበሩ ጋብቻ ቀድሞ ይፈጸም ነበር። ሴቶች ልጆች ገና በልጅነታቸው መዳራቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ርስትና የጋብቻ ዓይነት

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መሬት የሚገኘው በዋናነት በርስት ነበር። የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚቆጠር ሴት ልጅም ርስት ነበራት፤ ብታገባም ርስቷ ወደ ባሏ አይዞርም ነበር። የጋራ ንብረትን በተመለከተ ግን ወሳኙ የጋብቻው ዓይነት ነበር፦

• የሰማንያ ጋብቻ በምስክሮች ፊት የሚደረግ ውል ነው። ሲፋቱ እያንዳንዱ ይዞ የመጣውን ይወስዳል፤ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ።
• የቁርባን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸም ሲሆን በመርሕ ደረጃ ፍች የለውም። ካህናትና በዕድሜ የገፉ ባለትዳሮች በብዛት ይፈጽሙታል።
• የደሞዝ ጋብቻ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ነበር። ሴቲቱ የተስማማችበትን ክፍያ ታገኛለች እንጂ ከቤቱ ንብረት ድርሻ አልነበራትም።

ስለዚህ ሁለት ሴቶች ለተመሳሳይ ዓመታት አንድ ዓይነት ቤት አስተዳድረው አንዷ ከነድርሻዋ፣ ሌላዋ ያለ ድርሻ ልትወጣ ትችል ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስትም ቀረ። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ የከለከለ ሲሆን፣ መሬት ለማግኘት በፆታ ልዩነት እንዳይደረግም ደንግጓል። በተግባር ግን መሬቱን ያከፋፈሉት የገበሬ ማኅበራት አባወራውን መዝግበው ነበር የሚሰጡት። ያገባ ሰው የራሱ ድርሻ ሲኖረው ያላገባው በወላጆቹ ሥር ይቆጠር ስለነበር፣ ጎጆ መውጣት መሬት የማግኛ መንገድም ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ሲደነግግ፣ ባልና ሚስት በጋብቻም በፍችም ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው፣ ሴቶችም በመሬት አጠቃቀምና በውርስ እኩል መሆናቸውን አረጋግጧል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት ነው።

የይዞታ ደብተር

በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት እየተመዘገበ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል፤ ደብተሩም የሁለቱን ፎቶግራፍ ይይዛል። በዚህም ሚስት በፍች ወይም ባሏ ሲሞት የመሬት ድርሻዋን የምታረጋግጥበት ሰነድ አገኘች።

ይሁን እንጂ አዲስ ተጋቢዎች ብዙ ጊዜ ቤት የሚሠሩት በባል አባት ይዞታ ላይ ነው። ደብተሩ በአባት ስም እስካለ ድረስ ሚስት ልትካፈል የምትችለው ቤቱንና አብረው ያፈሩትን እንጂ ቦታውን አይደለም። አባት መሬቱን ለልጁ በስጦታ ማስተላለፍ ቢችልም፣ ሕጉ ይዞታ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይከፋፈል ይገድባል።

በአሁኑ ጊዜ

የሚከፋፈል መሬት በማለቁ ከምዝገባው በኋላ ለአቅመ ጋብቻ የደረሱ ብዙ ወጣቶች የራሳቸው ይዞታ የላቸውም። ለቤትና ለሠርግ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በሰሊጥ አዝመራ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ አሉ። ሌሎች በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በአዲ አርቃይ ከተማ ቤት ተከራይተው ያገባሉ። በከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ነው። የሣር ጣሪያም በብዙ ቦታ በቆርቆሮ ተተክቷል።

በአዲስ አበባ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) መርሐ ግብር ከሚወጣው ዕጣ 30 ከመቶ ለሴቶች ተለይቷል። በዚህ ዕድል ያላገባች ሴት ከትዳር በፊት ባለቤት ልትሆን ትችላለች። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ከጋብቻ በፊት የተያዘ ንብረት የግል ሆኖ ስለሚቀጥል፣ ብታገባም ቤቱ የእርሷ ነው። በገጠሩ ልማድ ቤት የሚገኘው ከጋብቻ ጋር ሲሆን፣ እዚህ ግን ቤቱ ይቀድማል።